ኤስፕሬሶ በጋይንት ደጋ

ኤስፕሬሶ ያለ መብራት አይሆንም ያለው ማን ነው? የሚላኖው አኪሌ ጋጅያ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ማሽን ውኃውን በቡናው ውስጥ የሚገፋው በእጀታና በሞላ ነበር። የዛሬዎቹ ትናንሽ የእጅ ማሽኖች ሻንጣ ውስጥ ይገባሉ፤ ፍም ላይ የፈላ ውኃና የክንድ ጉልበት ይበቃቸዋል። እኔም ቤቴ የምጠቀምበትን ነው ለመንገድም የምይዘው።

በጋይንት ወዳለችው ቤተ ልሔም፣ ወደ ድጓው የዜማ ምስክር ቤት፣ ስትሄዱ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የላይ ጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ ውኃ የሚፈላው 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ ማሽኑን አስቀድማችሁ በፈላ ውኃ አሙቁት፤ ቡናውን ጠቆር አድርጋችሁ ቁሉት፤ በእጅ ወፍጮ አልማችሁ ፍጩት። ከዚያ እጀታውን ሳትቸኩሉ፣ 30 ሰከንድ ያህል፣ ግፉት። የመጀመሪያው ስኒ ለሚያሳድራችሁ ቤት አባወራ ይሁን፤ የአገሩን ቡና እንዲህም ይቅመሰው።