«ማዳም» የተባለችበት ማዕድ፦ በዱባይ ዘመናዊ የህንድ ምግብ ቤት

ለመሆኑ የህንድ ምግብ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ምንድን ነው? አብዛኞቻችን «ሳምቡሳ!» እንላለን። ቀጥሎ ሩዝ፣ ቀጥሎ ያ ካሪ የሚሉት ቢጫ ወጥ... ከዚያ ወዲያ ዝም ነው። አይፈረድብንም። እኛ ህንዶችን የምናውቃቸው በፊልማቸውና በመምህርነታቸው ነው። በጃንሆይ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ አባቶቻችንና እናቶቻችን ሒሳቡንና ፊዚክሱን ያስተማሯቸውን ህንዳውያን እስከ ዛሬ ያነሳሉ። ምን ይበሉ እንደነበር ግን የሚነግረን የለም!

ዱባይ የሄደ ሰው ይህን ጉድለት በአንድ ቀን ይሞላዋል። ከተማዋ ከህንድ ጋር ያላት ዝምድና የትናንት አይደለም። ድርሃም የሚባለው ገንዘብ ከመምጣቱ በፊት፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1966 ድረስ፣ ዱባዮች የሚገበያዩት በሩፒ ነበር። ዛሬም ዴራ ያለው የቅመም ገበያ ስትገቡ አፍንጫችሁ ቀድሞ አገሩን ይለየዋል፤ ሄሉ፣ ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው፣ እርዱ በየጆንያው ተከምሯል። ከዚያ «አብራ» በምትባለው የእንጨት ጀልባ 1 ድርሃም ከፍላችሁ ወደ ቡር ዱባይ ትሻገራላችሁ። ትንሽ ገባ ስትሉ ካራማ ነው። ካራማ ላይ ወዛደሩ ህንድ ከሥራ መልስ በብረት ሳህን ሩዙንና ዳሉን በጥቂት ድርሃም ጥርግ አድርጎ ይሄዳል። ጣዕሙ የእናት ቤት ነው፤ የሚያፍር የለም፣ የሚኮራም የለም።

ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ሌላኛው ዓይነት ነው። ወንበር ስቦ ስለሚያስቀምጠው፣ ሳህኑ ትልቅ ምግቡ ትንሽ ስለሆነው፣ መብራቱ ደብዘዝ ስላለው።

ኮከብ የወጣላቸው ቤቶች

ሚሽላን የሚባለው የፈረንሳይ ጎማ ፋብሪካ ለምግብ ቤቶች ከ1 እስከ 3 ኮከብ የሚሰጥበት መጽሐፍ አለው። ለረጅም ዘመን የህንድ ምግብ በዚያ መጽሐፍ ዘንድ ቦታ አልነበረውም። ለምን? «ርካሽ ነው፣ ቅመም ይበዛዋል፣ የመንገድ ዳር ነው» ተብሎ ስለተናቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ኮከብ ያገኙት ለንደን ውስጥ ያሉ የህንድ ቤቶች ናቸው፤ ያውም እ.ኤ.አ. በ2001። መጽሐፉ ዱባይ የገባው እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ ጉድ ተሰማ። ፓልም ጁመይራ ላይ ያለው ትሬሲንድ ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. በ2025 ሦስቱንም ኮከብ ወሰደ። በዓለም ላይ ሦስት ኮከብ ያገኘ የመጀመሪያው የህንድ ምግብ ቤት እሱ ነው። የወጥ ቤቱ አለቃ ሂማንሹ ሳይኒ ይባላል፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው 20 ሰው ገደማ ብቻ ነው። አቫታራ የሚባለው ሌላው የዱባይ ቤት ደግሞ ሥጋ የሚባል ነገር ሳያስገባ እ.ኤ.አ. በ2023 ኮከብ አግኝቷል።

«ዘመናዊ» ሲሉ ታዲያ ፈረንጅ ሆኑ ማለት አይደለም። የመንገድ ዳሩን ምግብ አንስተው፣ አጥበውና አሳምረው፣ በትልቅ ሳህን መሃል ያስቀምጡታል። ደግሞ እያንዳንዱ ምግብ ታሪክ አለው። ያ በየአገሩ የሚሸጠው በቲማቲምና በቅቤ የሚሠራ ዶሮ (በተር ቺክን) ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1947 ህንድና ፓኪስታን ሲከፈሉ ከፔሻዋር የተሰደዱ ሰዎች ደልሂ ላይ ከከፈቱት ሞቲ ማሃል ከሚባል ቤት ጋር ስሙ ይነሳል። «የፈጠረው የኔ አያት ነው» «የለም፣ የኔ ነው» በሚል የሁለት ቤተሰብ ልጆች እ.ኤ.አ. በ2024 የደልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ድረስ ደርሰዋል። ስለ ዶሮ ወጥ ተካስሶ ፍርድ ቤት መቆም! እኛ ብንሆን ስንት መዝገብ ይከፈት ነበር?

ቆሞ ከመብላት ተቀምጦ ወደ መብላት

አሁን ወደ አንዲት እህታችን ልውሰዳችሁ። ስሟን አልጠራም፤ የሰፈሬ ልጅ ናት፣ በዕድሜ ትበልጠኛለች። ዱባይ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው፤ መንግሥት ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድን ከማገዱ አንድ ዓመት አስቀድሞ ማለት ነው። ለዓመታት በሰው ቤት ሠርታለች። አሁን የውበት ሳሎን ተቀጥራ ከሦስት ልጆች ጋር ተከራይታ ትኖራለች። ወደ አገሯ ጠቅልላ ልትገባ ሁለት ሳምንት ሲቀራት፣ እኔም ለጉዳይ ዱባይ ነበርኩና፣ «ነይ፣ እራት እጋብዝሻለሁ» አለችኝ። የመረጠችው ዘመናዊ የህንድ ምግብ ቤት ነው። የቤቱን ስም ማስታወቂያ እንዳይሆን እተወዋለሁ።

ጓደኞቿ አልወደዱላትም። «አብደሻል እንዴ? በዚህ ብር እናትሽ ስንት ነገር ትገዛበታለች!» አሏት። ወንድሟም በዚያው ሳምንት ደውሎ ገንዘብ ጠይቋል። እሷ ግን ያለችው ይኸው ነው፦ «አስራ ሦስት ዓመት ልኬያለሁ፤ ነገም አይቀርም። የሰው ማዕድ ሳቀርብ ኖሬ እኔ የበላሁት ማድ ቤት ቆሜ ነው። አንድ ማታ ተቀምጬ ልብላ።»

ገባን። አስተናጋጁ ወንበሩን ሳበና «ፕሊዝ፣ ማዳም» አላት። ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ማንም የለም። በዓረብ አገር የሠራች እህት ሁሉ ይህች ቃል ምን እንደሆነች ታውቃለች። «ማዳም ጠራችኝ፣ ማዳም ተቆጣች፣ ማዳም ፓስፖርቴን ያዘች...» ያ ስም ለእሷ ሲባል የመጀመሪያ ቀኗ ነው። ምንም ሳትል ተቀመጠች።

መጀመሪያ የመጣው ፓኒ ፑሪ ነው። እንደ ብርጭቆ የሚሰበር፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ድቡልቡል ቂጣ፤ ድንችና ሽምብራ ይገባበታል፣ ከላይ የናናና የኮምጣጣ ፍሬ ውኃ ይፈስበታል። ገምሳችሁ ብትበሉት ውኃው ልብሳችሁ ላይ ነው። ባንዴ አፍ ውስጥ ይገባል፤ ያው ጉርሻ በሉት። ቀጥሎ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ ዓሣ መጣ፤ ሲፈቱት ድፎ ዳቦ ከኮባ ሲወጣ የሚሸተውን ሽታ አስታወሰን። ናን የሚሉትን ቂጣ «ታንዱር» በሚባል የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነው የሚጋግሩት፤ ሲወጣ እዚህም እዚያም ጠቁሯል። መጨረሻ ላይ ሌሊቱን ሙሉ በቀስታ ሲበስል ያደረ ጥቁር ዳል በትንሽ የነሐስ ሳህን ቀረበ። ቀመሰችና «ይኼማ ምስር ነው!» ብላ ሳቀች። ብዙም አልተሳሳተችም፣ ዘመዱ ነው። ቅቤያቸውም ያው የኛው ንጥር ቅቤ ነው። አብሹ፣ ከሙኑ፣ ድንብላሉ፣ ነጭ አዝሙዱ ሁሉ ከኛ ማጀት ያለ ነው። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው እንዲህ ሲሆን አይደል?

አስተናጋጁ ሳህን ሊያነሳ ሲመጣ እሷ ሰብስባ ደራርባ፣ ማንኪያውን ከላይ አድርጋ አዘጋጅታለታለች። እጇ ቀድሟት ነው። ልጁ ፈገግ አለና «ማዳም፣ ይተዉት፣ ይህ የኔ ሥራ ነው» አላት። ከየት እንደሆነ ጠየቀችው። ከኬራላ ነው። 11 ዓመቱ ነው፤ ሴት ልጁን የሚያያት በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ሁለቱ በዚያች በዓረብ አገር እንግሊዝኛ ስለ ላኩት ገንዘብና ስለ አውሮፕላን ቲኬት ሲያወሩ እኔ ዝም ብዬ ዳሉን በላሁ።

ሒሳቡ 615 ድርሃም መጣ። ወረቀቱን አየችና «የመጀመሪያ ወር ደሞዜ 600 ነበር» አለች። ከፈለች፤ ለኬራላው ልጅ ደግሞ ለብቻው በእጁ ሰጠችው። ማታውኑ ለእናቷ ደወለች። እትዬ «ምን በላሽ?» ሲሏት «ምስር» አለቻቸው። «ኧረ በስመ አብ! ምስር ለመብላት ነው ይኼ ሁሉ ብር?» ስልኩ ተዘግቶም ሳቋ አልቆመም።

እንግዲህ ፍርዱን ለናንተ እተዋለሁ። የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ ግን ልጅቷ አላባከነችም። ከስደት የሚመለስ ሰው ቴሌቪዥንና ፍሪጅ ይዞ ሲገባ እልል እንላለን። አንድ ማታ እንደ ሰው ተቀምጦ መስተናገድንስ ለምን እንቆጥርበታለን? ለቤተሰብ መላክ ደግ ነው። የሚልከውም ሰው ግን ሰው ነው።

ልትሄዱ ካሰባችሁ

አንደኛ፣ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ቦታ ያዙ፤ ዋጋውንም ከቤት ሳትወጡ እዩ። «ቴስቲንግ ሜኑ» የሚሉት ወጥ ቤቱ ራሱ መርጦ ትንንሽ ሳህን እያከታተለ የሚያቀርበው ነው። ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል፣ ዋጋውም ይከብዳል። አቅም ካልፈቀደ ከዝርዝሩ እየመረጡ ማዘዝ የሚቻልበት ቤት ሂዱ። ማንም ምንም አይላችሁም።

ሁለተኛ፣ ፆመኞች ተጠንቀቁ! የህንድ «ቬጂቴሪያን» የኛ ፆም አይደለም። ሥጋ የለበትም እንጂ ወተቱ፣ እርጎው፣ አይቡና ቅቤው ሞልቷል። ናኑ ራሱ ብዙ ጊዜ ሊጡ እርጎ ወይም ወተት አለው፣ ከላይም ቅቤ ይቀባል። «ያለ ወተት፣ ያለ እርጎ፣ ያለ ቅቤ» ብላችሁ አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ከቂጣው ቅቤ ያልተቀባ ሮቲ እዘዙ። ሥጋውን ደግሞ እያንዳንዱ እንደ እምነቱ ይወስን።

ሦስተኛ፣ «እኔ የበርበሬ አገር ልጅ ነኝ» ብላችሁ አትፎክሩ። የነሱ አረንጓዴ ቃሪያ ቀልድ አያውቅም።

አራተኛ፣ በእጅ መብላት ነውር አይደለም። ህንዱም እንደኛው በቀኝ እጁ ነው የሚበላ። ሎሚ ጣል የተደረገበት ለብ ያለ ውኃ በሳህን ከመጣ ጣት መታጠቢያ ነው፤ እንዳትጠጡት! መጨረሻ ላይ የሚመጣው የእንስላል ፍሬና ስኳር ግን ይበላል፤ ለአፍ ጠረን ነው።

አምስተኛ፣ የታሸገ ውኃ ያስከፍላልና ሲያቀርቡላችሁ ዋጋውን ጠይቁ። ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ ገብቶ እንደሆነ እዩት፤ ከገባ ጉርሻ መስጠት ግዴታችሁ አይደለም። የሰጠ ግን አይከስርም፤ ያ ሳህን አንሺ ማታ የሚደውልለት ቤተሰብ አለው።

በሉ ቸር ሰንብቱ፤ ማዕዳችሁ አይጉደል!