የጥንት ቤትና የሕፃናት ጨዋታ
(በሎንዶን ከተማ ስላለው ስለ ኮራም ሜዳ)

ወደ ሎንዶን ከተማ የሄደ መንገደኛ ቤተ መንግሥቱንና ድልድዮቹን ጐብኝቶ፤ ከታላቁ የብሪታንያ ሙዚዬም ወደ ሰሜን ምሥራቅ ጥቂት በእግሩ ቢራመድ፤ በአጥር የተከበበ አንድ ሰፊ ሜዳ ያገኛል። የበሩም ሥርዓት እንግዳን ሰው ያስደንቃል፤ ልጅ ያላስከተለ ትልቅ ሰው እንዳይገባ ይከለክላልና። በሌላው ስፍራ ልጅ የሚገባው በአባቱ ክብር ነው፤ በዚህ ግን አባት የሚገባው በልጁ ክብር ነው። ይህ ሥርዓት ስለ ምን እንደ ተሠራ ለማወቅ የስፍራውን ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቶማስ ኮራም የሚባል የመርከብ አለቃ ከባሕር ሥራው ተመልሶ በሎንዶን አጠገብ ሲኖር፤ በየመንገዱ ዳር ተጥለው የሚሞቱትን ሕፃናት እያየ ልቡ እጅግ ያዝን ነበር። 17 ዓመት ያህል በመኳንንቱና በወይዛዝርቱ ደጅ እየተመላለሰ ከለመነ በኋላ፤ በ1739 ዓ.ም. ከንጉሥ ጊዮርጊስ ዳግማዊ የፈቃድ ደብዳቤ ተቀበለ። ከዚህም በኋላ 56 ኤከር የሚሆን መሬት ተገዝቶ ታላቅ የሕፃናት ማሳደጊያ ቤት ተሠራ። ሠዓሊው ሆጋርት ሥዕሎቹን ሰጠ፤ የዜማ ሊቅ የሆነው ሄንደልም ከ1750 ዓ.ም. ጀምሮ «መሲሕ» የተባለውን ድርሰቱን በቤቱ ጸሎት ቤት እያሰማ ለሕፃናቱ ገንዘብ አስገኘ። ድኾች እናቶች ልጃቸውን ሲያስረክቡ፤ ምናልባት አንድ ቀን ተመልሰን ብንመጣ መታወቂያ ይሆነናል ሲሉ፤ የተከፈለ ሳንቲም ወይም የጨርቅ ቁራጭ ይተዉ ነበር። ዳሩ ግን ያማረ ቤት ብቻውን ልጅ አያሳድግም። ከ1756 እስከ 1760 ዓ.ም. የመጣው ሕፃን ሁሉ እንዲገባ በተፈቀደ ጊዜ 15,000 ያህል ሕፃናት ገብተው ከእነርሱ የሚበልጡት ሞተዋል።

በ1926 ዓ.ም. የቤቱ አስተዳዳሪዎች የከተማው ጢስ ለልጆች አይስማማም ብለው ሕፃናቱን ወደ ባላገር አዛወሩ። ስፍራውንም ጄምስ ዋይት የተባለ ነጋዴ በ1,650,000 ፓውንድ ገዛው፤ አሳቡም በኮቬንት ጋርደን የነበረውን የአትክልትና የፍራፍሬ ገበያ ወደዚያ ለማምጣት ነበር። የሠፈሩ ሰዎች ግን ይህን በሰሙ ጊዜ በብርቱ ተቃወሙ፤ የገበያውም አሳብ ሳይፈጸም ቀረ። ቤቱ ግን ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ሎርድ ሮዘርሚርና ሌሎች ገንዘብ አዋጥተው 7 ኤከር የሚያህለውን መሬት ስላዳኑት፤ በ1936 ዓ.ም. የልጆች መጫወቻ ሜዳ ሆኖ ተከፈተ። ከጥንቱ ሕንፃ ዛሬ በሜዳው ዳር የሚታዩት ባለ ዓምዱ መተላለፊያዎች ናቸው። አስተዳዳሪዎቹ ይሰበሰቡበት የነበረው ያጌጠ አዳራሽም ተነቅሎ፤ ዛሬ በአቅራቢያው ባለው፤ በ2004 ዓ.ም. በተከፈተው ሙዚዬም ውስጥ ይታያል።

እንግዲህ በዚያ ሙግት ልጆቹ ሜዳውን አገኙ፤ ከተማው ግን ቤቱን አጣ። የጥንት ቤቶችን በመዝገብ ጽፎ የሚያስጠብቀው ሕግ የጸናው በ1947 ዓ.ም. ስለ ሆነ፤ ለዚህ ቤት ሃያ ዓመት ያህል ዘግይቶበታል።

ዛሬ ደግሞ ሙግቱ በሌላ መልክ ይነሣል። በእንግሊዝ አገር አንድ የጥንት ቤት የሕፃናት መዋያ ይሁን በተባለ ጊዜ፤ ጎረቤቶች ጧትና ማታ የሚሰበሰበውን አውቶሞቢልና የልጆቹን ጩኸት ይፈራሉ። ቅርስ ጠባቂዎችም ለእሳት አደጋ መውጫ ሲባል የጥንቱ ግድግዳ እንዳይበሳ፤ ደረጃውም እንዳይነቀል ይከራከራሉ። ወላጆች በበኩላቸው ወደ ሥራ ሲሄዱ ልጃቸውን የሚተዉበት ስፍራ በቅርብ እንዲገኝ ይለምናሉ። ሕጉም ለሁሉም መልስ አለው። በ2020 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ደንብ ሱቅ ወይም ጽሕፈት ቤት የነበረውን ወደ ሕፃናት መዋያ መለወጥን አቅልሎታል፤ መኖሪያ ቤት የነበረው ግን ፈቃድ ያሻዋል። በመዝገብ የተጻፈውን ቤት ጠባይ የሚለውጥ ሥራ ያለ ልዩ ፈቃድ መሥራት ወንጀል ነው። ለሕፃናቱም ስፍራው ተለክቶላቸዋል፤ ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 3.5 ካሬ ሜትር፤ ለ2 ዓመት ልጅ 2.5፤ ከዚያ በላይ ለሆነው 2.3 ካሬ ሜትር ይገባዋል።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፤ የአባቶችን ቤት የሚጠብቅና ለልጆች ስፍራ የሚሻ ሰው ጠላቶች ሊሆኑ አይገባም። ቤት ያለ ሰው ሲቀር ጣራው ይወርዳል፤ ልጅም የአባቶቹን ሥራ ሳያይ ካደገ የሚጠብቀውን አያውቅም። ስለዚህ ፈቃድ የሚሰጥ ሹም ከመፍረዱ በፊት ደረጃውንም ልጁንም በዓይኑ ይይ፤ የፈረሰ ግድግዳ እንደማይመለስ ሁሉ ያለፈ የልጅነት ዘመንም አይመለስምና።