ከመቱ እስከ ጋምቤላ፦ ያገለገለ መኪና የሚፈተንበት መንገድ

ኢሉባቦርን የሚያውቅ ሰው ዝናቧንና ደኗን ያስቀድማል። ከበደሌ ተነሥቶ በያዮ የቡና ደን በኩል መቱ ለሚደርስ መንገደኛ ግራ ቀኙ አረንጓዴ ነው። ከመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ጎሬ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከዚያ በቡሬ በኩል የሚወርደው መንገድ ባሮ ወንዝ ዳር ጋምቤላ ሲደርስ ከፍታው 500 ሜትር ግድም ይሆናል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ቁልቁለትና የክረምቱ ጭቃ የአውቶማቲክ ካምቢዮ መፈተኛ ናቸው። ታዲያ ቤተሰብ ጥሪቱን አሟጦ ያገለገለ ፕራዶ ወይም ላንድ ክሩዘር ሲገዛ ምን ይመልከት?

የቀለሙ ማማር አያታልላችሁ። የካምቢዮው ዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው፣ መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ እዩት። ቀላ ብሎ የጠራ ከሆነ መልካም ነው፤ ጠቁሮ የመቃጠል ሽታ ካለው ግን ያስፈራል። ከዚያም ዳገት አስወጡት። ሞተሩ እየጮኸ ጉልበት ካጣ፣ ወይም ማርሽ ሲቀይር የሚያንገጫግጭ ከሆነ ተዉት።

ከገዛችሁም በኋላ የካምቢዮ ጠላቱ ሙቀት መሆኑን አትርሱ። ጭቃ ሲይዛችሁ ጎማውን በከንቱ ማሽከርከር ዘይቱን ያቃጥላል፤ ወርዶ ድንጋይና ቅርንጫፍ መደልደል ይሻላል። በቁልቁለት ፍሬን ብቻ አትመኑ፤ ማርሹን ወደ 2 ወይም ወደ ኤል ዝቅ አድርጋችሁ ሞተሩ ይያዘው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በኒውትራል መልቀቅ አደጋ ነው። ዘይቱንም አምራቹ ባዘዘው ዓይነት በጊዜው ቀይሩ። የዘይት ወጪ ከካምቢዮ ዋጋ እጅግ ያንሳል፤ የተሳፈሩት እናትና ልጆች ግን ዋጋ የላቸውም።