በሚቀጥለው ወር

ደረሰኙ አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ። አንድ ታጣፊ ኪቦርድ፣ ቀለሙ ጥቁር፣ 99 ዶላር፣ መስከረም 2008 ዓ.ም.። ከሥሩ በኅዳር ወር እንደሚላክ ተጽፏል። የየትኛው ዓመት ኅዳር እንደሆነ ግን አልተጻፈም እያልን ከጓደኞቼ ጋር ስንቀልድ ሁለት ኅዳር አለፈ።

ኪቦርድ ስል የዜማ መሣሪያውን ማለቴ አይደለም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ኪቦርድ ሲባል የሁሉም ዐይን ወደ መድረኩ ጥግ ስለሚሄድ ነው ይህን የማስቀድመው። የእኔው የጽሕፈት ነው። ሲታጠፍ የመነጽር ማኅደር ያህላል፤ ሲዘረጋ ሙሉ ኪቦርድ ይሆናል፤ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። ማስታወቂያው ላይ አንድ ወጣት ካፌ ተቀምጦ ከኪሱ ያወጣውና ዘርግቶ መጻፍ ይጀምራል። ያቺን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አልናገርም።

በዚያን ጊዜ ላፕቶፔ ከተበላሸ ስድስት ወር አልፎት ነበር። የወጣቶች ድራማውንም፣ አጫጭር ልብ ወለዶቼንም የምጽፈው በአውራ ጣቴ ነው። በስልክ አማርኛ የጻፈ ሰው ያውቀዋል። 33 ፊደል በሰባት ቤት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ያ ሁሉ ቤተሰብ በአንዲት ጠባብ መስታወት ላይ አይሰፍርም። ስለዚህ መጀመሪያ «ሰ»ን ትነካለህ፤ ከሚዘረጉልህ ልጆቿ «ሲ»ን ትመርጣለህ፤ ተሳስቶ «ሳ» ይገባል፤ ታጠፋለህ፤ በዚህ መሃል ልትጽፈው ያሰብከው ዐረፍተ ነገር ሄዷል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር አክስት አለችኝ። ሌሊት ሌሊት አረጋውያንን እየጠበቀች ነው የምትኖረው። ቪዲዮውን ላኩላት። በማግስቱ በካርዷ ከፍላ ደረሰኙን ላከችልኝ። በጊዜው ምንዛሪ ሁለት ሺህ ብር ገደማ ነው። «አንድ ነገር ብቻ» አለችኝ፤ «መጀመሪያ የጻፍከውን ለእኔ ትልካለህ።» እሺ አልኳት።

በቅድሚያ መክፈል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ልብስ ሰፊም ቀብድ ተቀብሎ «ለበዓሉ ይደርሳል» ይላል። ልብስ ሰፊው ግን ሱቁ የት እንደሆነ ይታወቃል። በሩ ላይ ሄደህ ትቆማለህ፤ ሲያፍር ቢያንስ አንዱን እጅጌ ሰፍቶ ያሳይሃል። ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት በር የለውም፤ ያለው ደብዳቤ ብቻ ነው።

ደብዳቤ ደግሞ አልነፈጉንም! የመጀመሪያው በኅዳር መጨረሻ መጣ። አንዳንዶቹ ቁልፎች ሲጫኑ ስለሚጣበቁ ቅርጻቸው እየታረመ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ይላካል። ቀጥሎ የማጠፊያው ነገር መጣ። ከዚያ ባትሪው። ከዚያ ውስጡ ያለው ሶፍትዌር። እያንዳንዱ ደብዳቤ ረጅም፣ ትሑትና ዝርዝር ነው፤ እያንዳንዱም የሚዘጋው በሚቀጥለው ወር ነው።

ውሸት ነው ለማለት ይከብዳል። ስጠብቅ ብዙ አንብቤያለሁ፤ ለፈተና እንዲያ አንብቤ ቢሆን የት በደረስኩ። የፕላስቲክ ዕቃ በብዛት የሚመረተው የቀለጠ ፕላስቲክ በብረት ቅርጽ ውስጥ እየተጨመቀ ነው። ብረቱን ማስቀረጽ ውድ ነው፤ ስሕተቱ የሚታየው ደግሞ ከተቀረጸ በኋላ ነው። በሙሉ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ይህን ሳያጠቡ ነገሩን በኪስ ማስገባት ቀላል ሥራ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ትንሽ ድርጅት የምርቱን ወጪ የሚሸፍነው ከእኛው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ስለዚህ እኛ ገዢዎች ነን ብንልም ሳናውቀው አበዳሪዎች ሆነናል፤ ያውም ያለ ውልና ያለ ወለድ።

ከሁሉ ያሳቀኝን ልንገራችሁ። የብሉቱዝ ኪቦርድ ፊደል አይልክም፤ የትኛው ቁልፍ እንደተጫነ የሚናገር ቁጥር ነው የሚልከው። ቁጥሩ «ሰ» ይሁን «ኤስ» የሚወስነው ስልኩ ነው። ይህን ያወቅሁት ካዘዝን ከሰባት ወር በኋላ ነው። ያ ሁሉ ቪዲዮ ሲታይ የእኔ ስልክ ከእንዲህ ዓይነት ኪቦርድ አማርኛ ይቀበል እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅሁም።

በአሜሪካ ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ ደንብ ነው፤ በኋላ በኢንተርኔት የሚሸጠውም ተካቶበታል። ሻጭ ባለው ጊዜ ውስጥ መላክ ካልቻለ ለገዢው አሳውቆ ምርጫ መስጠት አለበት፤ ወይ ተስማምተህ ትጠብቃለህ፣ ወይ ገንዘብህን ሙሉ በሙሉ ትወስዳለህ። በካርድ የከፈለ ሰውም ባንኩ ዘንድ አቤት ማለት ይችላል፤ ለእሱ ግን ቀነ ገደብ አለው። አክስቴ ገና በጥር ወር ደውላ «ገንዘቤን ልመልሰው?» ብላኝ ነበር። «ትንሽ እንጠብቅ፤ ተራችን ደርሷል» አልኳት።

ይህቺ ተራ የምትባል ነገር! ሜክሲኮ አደባባይ የታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆማችሁ ታውቃላችሁ? በእግር ብትሄዱ ኖሮ እቤት ደርሳችሁ ነበር። ነገር ግን አንድ ሰዓት የቆመ ሰው ሰልፉን ለቆ አይወጣም፤ የቆመበት ሰዓት ራሱ ይይዘዋል። ድርጅቱ ገንዘባችሁን ውሰዱ ይል ነበር፤ ግን የወሰደ ተራውን ያጣል። ላም አለኝ በሰማይ እያልን እዚያው ቆምን።

ቁጣዬን ለመግለጽ የማልጽፈው ነገር አልነበረም። ሌሊት እየተነሣሁ በእንግሊዝኛ ረጅም ደብዳቤ እጽፋለሁ። ልብ ወለድ መጻፍ የደከመው አውራ ጣት ለዚያ አይደክመውም ነበር።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ስማቸውን አልጽፍም። የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት ወንጌላዊ ናቸው። በደርግ ጊዜ አብያተ ክርስቲያናት ሲታሸጉ ወላይታ ውስጥ በእግራቸው ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ ሌሊት በሰው ጓዳ እያስተማሩ ያገለገሉ ሰው ናቸው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. በጥቅምት ወር አራት ደብተር በፌስታል ይዘው መጡ። «ይህን ተይብልኝ» አሉኝ። 500 ብርም ጨመሩ። አልቀበልም ብል «ያለ ዋጋ የሚሠራ ሥራ ይዘገያል» ብለው ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

ደብተሮቹ የተጻፉት በዚያው ዘመን ነው። ታዲያ ስም የለባቸውም። ስም ሊኖር በሚገባበት ቦታ ሁሉ ምልክት አለ፤ አንድ ቦታ ክብ፣ አንድ ቦታ የዛፍ ሥዕል፣ አንድ ቦታ ሁለት መስመር። «ያኔ ስም አይጻፍም ነበር» አሉኝ። «ደብተሩ ቢያዝ እኔ ብቻ ልያዝ ብለን ነው። ምልክቶቹን አውቃቸዋለሁ። ስትተይብ እየጠየቅከኝ ስሙን እነግርሃለሁ።»

«ኪቦርድ አዝዣለሁ፤ በኅዳር ሲመጣ እጀምራለሁ» አልኳቸው። ደብተሮቹን ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኳቸው።

ሁለተኛው ዓመት የካቲት ላይ ከአምልኮ በኋላ ግቢ ውስጥ አገኙኝ። «የኔ ነገር እንዴት ሆነ?» አሉ። እኔም «ጋሼ፣ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው፤ ትንሽ የቀረ ነገር አለ፤ በሚቀጥለው ወር ያገኙታል» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና «እሺ ልጄ» ብለው ሄዱ።

አንድም ገጽ አልጀመርኩም ነበር። የመለስኩላቸው ደግሞ በዚያው ሳምንት ከድርጅቱ የመጣውን ደብዳቤ ነው፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ከመመለሱ በቀር ቃሉ አልተለወጠም። እኔስ ቢያንስ ለዚያ ድርጅት እንቅልፍ ነሥቼ ስጽፍለት ነበር። ጋሼ ግን አንድ ቀን እንኳ አልተቆጡኝም።

በዚያው ምሽት ፌስታሉን አወጣሁ። በአውራ ጣቴ ጀመርኩ። በቀን ሦስት ገጽ፤ ሲሻለኝ አራት። ደብተሮቹ በድምሩ 212 ገጽ ናቸው፤ ስሌቱን ለእናንተ ልተው። ግንቦት ሳይገባ ጨረስኩ፤ የቀሩት ምልክቶቹ ብቻ ነበሩ። 31 ምልክት ቆጠርኩ።

ጋሼ ቤት ሄድኩ። ልጃቸው ቡና አቀረበች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ ጠየቅኳቸው። ክቡ ማን እንደሆነ ከነአባቱ ነገሩኝ። ዛፉን ከነቀበሌው። ሁለቱ መስመር ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ እስር ቤት አልፏል፤ ያን ሲናገሩ ስኒያቸውን አስቀመጡ። እንዲህ እያልን 22 ሞላን። ከዚያ በጎተራ ምልክት ደረስን። ፖሊስ ቤቷን ሲፈትሽ መጽሐፍ ቅዱሶቹን በጎተራ በበቆሎ ሥር ቀብራ፣ ራሷ ጎተራው ደጃፍ ተቀምጣ ልጇን ያጠባች ሴት ናት። ጋሼ ታሪኩን ቃል በቃል ያውቁታል። ስሟ አልመጣም።

«ቆይ» አሉ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። ልጃቸው ቀስ ብላ «ካለፈው ክረምት ጀምሮ እንዲህ ያደርጋቸዋል» አለችኝ። «ዐምና ሁሉንም ይጠሩ ነበር። ማታ ማታ እኛም እንሰማቸው ነበር።» ጻፋችሁት ወይ አልኳት። «አንተ እየጻፍከው መስሎን» አለችኝ።

500 ብሩን ልመልስ ብዬ ይዤ ሄጄ ነበር። ከኪሴ ማውጣት አፈርኩ።

ድርጅቱን ነጻ እያወጣሁት አይደለም። የሰው ገንዘብ ይዞ ሁለት ዓመት በሚቀጥለው ወር ማለት በደል ነው፤ የእኔ ጥፋት የእነሱን አያሳንሰውም። ለአክስቴ ደወልኩና ተራዬን ልቀቂው አልኳት። የባንኩ ቀነ ገደብ ካለፈ ቆይቷል፤ እሷ ግን ለድርጅቱ አንድ አጭር ደብዳቤ ጻፈች፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ 99 ዶላሯ ተመለሰ። የእኔ ረጃጅም ደብዳቤዎች ያላደረጉትን ማለት ነው። «ገንዘቡስ መጣ» አለችኝ። «የጻፍከው ግን አልደረሰኝም።» ያን ለት የጋሼን ደብተር ላኩላት፤ ባዶ ቦታዎቹን እንደያዘ። ሌሊት ሥራ ላይ ሆና አንብባው ጠዋት ደወለች፤ ብዙ አላወራንም።

ዘጠኙ ምልክቶች እስካሁን አልተሞሉም። ሰሞኑን ከወጣቶች ኅብረት ሦስት ሆነን ወደ ሶዶ የሚደወልላቸውን ሰዎች ማሰባሰብ ጀምረናል። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት በስልክ አገኘንና ስለ ጎተራዋ ሴት ጠየቅናቸው። ሳቁብን። «መጽሐፍ በጎተራ? በእኛ አካባቢ ብቻ አራት ሴቶች ደብቀዋል። የትኛዋን ነው የምትሉት?»

ጠባችው የተባለችው ሕፃን ወንድ ትሁን ሴት፣ ቤቱ ከወንዙ ወዲህ ይሁን ወዲያ፣ ምንም አናውቅም ነበር። ለመጠየቅ ወደ ጋሼ ቤት ሄድን። ተኝተዋል። ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ «ነገ ኑ» አለችን።