እምቢ ያለች አፍቃሪ

ብዙ የፍቅር ልብ ወለድ የሚቆመው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ያገኛታል ወይስ አያገኛትም? ካገኛት ሠርግ፣ ካላገኛት ለቅሶ። ፈረንሳዊቷን ደራሲ ኮሌትን ሳነብ ግን ጥያቄው ራሱ ይለወጥብኛል። የእሷ ሴቶች ማግኘትማ ያገኛሉ። ያገኙትን ይዘው ምን እንደሚሆኑ ነው የሚያስጨንቃቸው።

«ተንከራታቿ»ን ላንሳ። በ1910 የታተመ ነው (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው)። ረኔ ኔሬ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሠዓሊው ባሏ በውሽሞቹ ብዛት አንገብግቧት ተፋታለች፤ አሁን በየቲያትር ቤቱ መድረክ ላይ እየተወነች እንጀራዋን ትበላለች። ማክሲም የሚባል ባለጸጋ ይወዳታል፣ ሊያገባትም ይፈልጋል። ሌላ ደራሲ ቢሆን የረኔ እምቢታ እንዲቀል ሰውየውን ክፉ ያደርገው ነበር። ኮሌት ይህን አቋራጭ አልፈለገችም። ማክሲም ደግ ነው፤ ረኔም በድን አይደለችም፣ ሲነካት ገላዋ እሺ ይላል። ከዚያ ለአርባ ቀን የትዕይንት ጉዞ ትወጣለች። አንድ ጊዜ በመንገድ ላይ ባሕሩን እያየች፣ የፀሐዩን ቢጫነትና የውሃውን ሰማያዊነት በምን ቃል ልናገረው ብላ ስታሰላስል፣ ለካ ማክሲምን ረስታዋለች። ጠልታው አይደለም፤ ከእሱ የሚያስቸኩል ነገር ስላገኘች ነው። እምቢታው የተወለደው እዚያች ደቂቃ ላይ ይመስለኛል። በኋላ የምትጽፍለት የስንብት ደብዳቤ ያለቀውን ነገር ማሳወቂያ ነው።

ከኮሌት የተማርኩት ይህን ነው፤ እምቢታ የፍቅር ጥማት ማነስ አይደለም። ጠግባ የምትተው ሴት አለች፣ ሳትመኝ የምትተው አለች፤ እየተራበች የምትተው ግን በልብ ወለድ ውስጥ ብዙ አልታየችም።

ኮሌት ራሷ እምቢ ማለትን የተማረችው ዘግይታ ነው። በ1873 ቡርጎኝ ውስጥ በሴንት-ሶቨር መንደር ተወለደች፤ በሃያ ዓመቷ ቪሊ በሚል የብዕር ስም የታወቀውን፣ በአሥራ አራት ዓመት የሚበልጣትን አንሪ ጎቲዬ-ቪላርን አገባች። ቪሊ ሌሎችን እያስጻፈ በስሙ የሚያሳትም ሰው ነበር። ኮሌት የጻፈችው የመጀመሪያው የክሎዲን ልብ ወለድ በ1900 ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የነበረው የእሱ ስም ብቻ ነው። በር ቆልፎባት ያስጽፋት እንደነበር ራሷ በኋላ ተርካለች። ስትለየው መድረክ ላይ ወጣች፤ የረኔ ድካም፣ የረኔ የመልበሻ ክፍል ብርድ ከዚያ የመጣ ነው። «ኮሌት» በሚለው ስም ብቻ ልብ ወለድ ያወጣችው በ1923 ነው፣ በሃምሳ ዓመቷ። ስሙ የአባቷ ነው። አባቷ ከሞቱ በኋላ ተጠርዘው የተደረደሩ ጥራዞቻቸው ሲገለጡ ገጾቹ ባዶ ሆነው እንደተገኙ ጽፋለች። ሊጽፉ ተመኝተው ያልጻፉ ሰው ነበሩ።

ከሥራዎቿ ሁሉ የማስቀድመው ግን በ1920 የወጣውን «ሼሪ»ን ነው። ሌያ ሃምሳ ሊሞላት አንድ ዓመት የቀራት፣ በሀብታም ወዳጆቿ ተንደላቅቃ የኖረች የፓሪስ ሴት ናት። ወዳጇ ሼሪ የሃያ አምስት ዓመት መልከ መልካም ጎረምሳ ነው። መጽሐፉ ሲከፈት ሼሪ የሌያን የዕንቁ ሐብል ስጪኝ እያለ ይጨቀጭቃታል፤ መስተዋት ፊት ቆሞ ራሱን ያደንቃል። ሌያ አልጋዋ ላይ ሆና ታየዋለች። እስከዚያ ድረስ በልብ ወለድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ተመልካቹ ወንድ፣ የምትታየው ሴት ነበረች። እዚህ ዓይኑ የሴት ነው፤ ቁንጅናውና ጌጡም የወንድ።

መጽሐፉን ትልቅ ያደረገው ግን ያ ዓይን መዞሩ ነው። ሼሪ ሌላ አግብቶ፣ ወራት ቆይቶ አንድ ሌሊት ወደ ሌያ ይመለሳል። ሲነጋ አብረው የሚጠፉበትን እያቀደች ሽር ጉድ ስትል፣ እሱ የተኛ መስሎ በዓይኑ ጭላንጭል ያያታል። ገና አልተኳኳለችም። ማጅራቷ ላይ ያለው ጸጉር ሳስቷል፤ አገጯ ሥር ቆዳው ተንጠልጥሏል። ኮሌት ለዚህ ገጽ የእንባ ቃል አልጨመረችበትም፤ ቆዳውን ብቻ አሳየችን። ሌያ ነገሩ ሲገባት አልለመነችም። ሂድ፣ ወደ ሚስትህ ተመለስ አለችው።

በ1926 ተከታዩ «የሼሪ ፍጻሜ» ወጣ። በቀደሙት ልብ ወለዶች ኤማ ቦቫሪ መርዝ ውጣለች፣ አና ካሬኒና ባቡር ሥር ገብታለች፤ በፍቅር የሚሞቱት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ነበሩ። እዚህ ሌያ ሸብታ፣ ወፍራ፣ እየሳቀች ትኖራለች። ሽጉጥ ያነሳው፣ በወጣትነቷ ፎቶግራፎች መካከል ተኝቶ ራሱን የገደለው ሼሪ ነው።

«የንጋት ልደት» (1928) የሚጀምረው በኮሌት እናት በሲዶ ደብዳቤ ነው። የኮሌት ሁለተኛ ባል አማቱን መጥተው ልጃቸውን እንዲያዩ ጋብዟቸዋል። ሲዶ አልመጣም ይላሉ፤ ያላቸው ቁልቋል በዓመታት አንዴ ነው የሚያብበው፣ ሊያብብ ደርሷል፣ እሳቸው ደግሞ አርጅተዋል። ልጄን እወዳታለሁ፤ አበባው ግን አያመልጠኝም። ትክክለኛው ደብዳቤ በኋላ ሲገኝ ሲዶ ግብዣውን ተቀብለው ነበር። እሺታቸውን ወደ እምቢታ የለወጠችው ልጃቸው ናት። ይህን ሳውቅ ተታለልኩ አላልኩም። ኮሌት እናቷን ከሁሉ አልቃ ልታሳየን ስትፈልግ ልታወርሳቸው የመረጠችው ጌጥ ይኸው እምቢታ ነበር።

በዚያው መጽሐፍ ኮሌት የምትባለው ተራኪ ፍቅርን ትሰናበታለች፤ ወጣቱን ቪያልንም ትመልሰዋለች። በእውነተኛው ኑሮዋ ግን በ1925 ከተዋወቀችው፣ በአሥራ ስድስት ዓመት ከሚያንሳት ከሞሪስ ጉድኬ ጋር ነበረች፤ በ1935 አገባችው። ግብዝነት ነው የሚል አንባቢ አይጠፋም፤ እኔ አልስማማም። መሰናበትን እስከ ጥጉ አስባ የጻፈች ሴት ከሰው ጋር የምትኖረው መሄጃ አጥታ አይደለም። ጉድኬ አይሁዳዊ ስለነበር በታኅሣሥ 1941 ጀርመኖች ሲወስዱት፣ የስልሳ ስምንት ዓመቷ ኮሌት እስኪለቀቅ ድረስ ያላንኳኳችው በር አልነበረም።

«ዢዢ»ን የጻፈችው በዚያው የጀርመን ወረራ ዘመን ነው። አያትና የአያት እህት ልጅቷን ዢዢን ለሀብታም ወዳጅነት ያሠለጥኗታል፤ የሎብስተር አበላል፣ የከበረ ድንጋይ መለየት ያስጠኗታል። ሀብታሙ ሰው መጥቶ ወዳጄ ሁኚ ሲላት እምቢ አለችው። ቆይታ፣ ያለ አንተ ከማዝን ካንተ ጋር ባዝን ይሻለኛል ብላ ሐሳቧን ስትለውጥ፣ ያን ጊዜ ነው ለትዳር የጠየቃት። ሁለቱም መልሶች ከአሮጊቶቹ ትምህርት ውስጥ አልነበሩም።