የግሸን አምባና የባንጁል መዝገብ

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ በኩል ወደ ግሸን የሚጓዝ የሕግ ሰው አስቀድሞ አንድ ትምህርት ያገኛል። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ዐሥራ ሰባተኛው ክፍል በአማርኛ አንድ፥ በጣልያንኛ ሌላ ሆኖ በመገኘቱ ስንት ደም እንደ ፈሰሰ አንባቢ ያውቀዋልና አላስረዝመውም።

ግሸን ደብረ ከርቤ ዙሪያዋ ገደል፥ ራሷም በመስቀል አምሳል የተዘረጋች አምባ ናት። ግማደ መስቀሉ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ገብቶባታል ተብሎ ስለሚታመን፥ መስከረም 21 ቀን ምእመናን ከየአገሩ ይሰበሰቡባታል። እኛ የወጣነው ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ በጥቅምት ነው። አብራኝ የወጣችው የእኅቴ ልጅ ሕግ ተማሪ ናት፤ ክረምቱን በጋምቢያ አገር በባንጁል ከተማ፥ በ1998 በፈረንጆች አቆጣጠር በተቋቋመው የአፍሪካ የሰብአዊ መብትና የልማት ተቋም ዘንድ ሥራ ስትለማመድ ከርማ መመለሷ ነበር። ይህ ተቋም ትርፍ የማይሻ ሲሆን፥ በገዛ አገሩ ፍትሕ ያጣ ሰው አቤቱታው በዚያው በባንጁል ለተቀመጠው ለአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እንዲደርስለት ይረዳል።

ስለ ልምምዷ ብጠይቃት፥ «ጋሼ፥ ሥራዬ መዝገብ ማንበብና ሦስት ነገር ማውጣት ነበር። ሰውየውን ማን ያዘው? በምን ክስ? እስከ መቼ?» አለችኝ። ካነበበቻቸው መዛግብት አንዱ የኛው የኢትዮጵያ ነው፤ ቁጥሩም 301/05 ይባላል። በ1983 ዓ.ም. የተያዙት የደርግ ባለሥልጣኖች ፍርዳቸው ከዐሥር ዓመት በላይ ስለ ዘገየ ተቋሙ አቤት ያለበት ነው። ኮሚሽኑም መዘግየቱን ከሕግ ውጭ ነው አለው።

ይህን ስሰማ ልቤ አልወደደውም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ወደ ስድሳ የሚሆኑ መኳንንትና ሹማምንት ያለ ፍርድ እንደ ተገደሉ፥ በዚህ ገጽ አንባቢዎች ቤት የማይታወስበት ዓመት የለም። ለገዳዮቹ የቀጠሮ ቀን መቁጠር ምን ይባላል? ልጂቱ ግን ድምፅዋን ሳታነሣ፥ «እነዚያ ጌቶች የተከለከሉት ይኸው አይደለም ወይ?» አለች። መልስ አልሰጠኋትም፤ አቀበቱም ትንፋሽ አይሰጥም ነበር።

አምባው ላይ ስንደርስ ለአንድ አረጋዊ መነኩሴ እነዚያኑ ሦስት ጥያቄዎች አቀረበችላቸው፤ ምክንያቱም በግሸን ለብዙ ዘመን የነገሥታት ልጆች ዙፋን እንዳይሹ ተብሎ ተግዘው ኖረዋል። መነኩሴውም፥ «ልጄ፥ የንጉሥ ልጆች ነበሩ» ብለው ዝም አሉ። ክሱ ይኸው ነበር ማለት ነው። የመፈቻ ቀን አልነበረውም፤ ዕድል ከቀናው ግን እስረኛው በቀጥታ ወደ ዙፋን ይወርድ ነበር። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ራሱ፥ ኋላም ዐፄ ናዖድ ከዚህ ተጠርተው ነግሠዋል። ሌሎቹ ግን በዚያው ሸመገሉ።

በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፥ ከተጋዙት ልዑላን ለፖርቱጋሎች የተጻፈ ደብዳቤ አውጥቷል ተብሎ አንድ መነኩሴ ከአምባው ጠባቂዎች ጋር ሲገረፍ እንዳየ ጽፏል። የእኅቴ ልጅ ይህን ስነግራት ቆማ ቀረች፤ «የባንጁል ሥራ እኮ ይኸው ነው፤ የታሰረን ሰው ደብዳቤ ከገደል ማውረድ» አለች። ይህን ያህል እንኳ አላሰብሁትም ነበር። የዛሬው ደብዳቤ አውጪ አይገረፍም፤ ኢትዮጵያም በ1990 ዓ.ም. የአፍሪካን ቻርተር ስለ ተቀበለች ደብዳቤው ሲደርስ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባት።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ያዘ፤ የልዑላኑም ግዞት በግሸን ቀረ። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ግን ወህኒ በሚባል በሌላ አምባ ተጀመረ። ዛሬ በትእዛዝ ላይ «ማረሚያ ቤት» ብለን ብንጽፍም ሕዝቡ «ወህኒ ቤት» የሚለው ከዚሁ አምባ ስም ነው። እኔም የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚለውን የሕገ መንግሥቱን 19ኛ አንቀጽ በየሳምንቱ በመዝገብ ላይ እጠቅሳለሁ።

ልጂቱ ጥቅምት ሳያልቅ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች። የመዝገብ 301/05ን ውሳኔ ግልባጭ ትታልኝ ሄዳ፥ በጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ እኩሌታውን አንብቤዋለሁ።