ስለ መጀመሪያው ሹራባችንና ስለ ክር አመራረጥ

በእጅ የተሠራ ልብስ ለሚወዱት ሰው መስጠት የከበረ ነገር መሆኑን ማንም አይክደውም። በገንዘብ የተገዛ ዕቃ የሰጪውን ሀብት ያሳያል፤ በእጅ የተሠራ ዕቃ ግን የሰጪውን ዕድሜ ከፍሎ ይዞ ይሄዳል። ነገር ግን ሠሪው በድካሙ ተመክቶ የሚለብሰውን ሰው ገላ የረሳ እንደ ሆነ፥ ስጦታው ለተቀባዩ ሸክም ይሆናል። ይህን በገዛ እጃችን ሠርተን በእናታችን አንገት ላይ አይተን ተምረነዋል። ስለዚህ ሹራብ መሥራት ለሚጀምሩ ሁሉ ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን፥ ስሕተታችንን ሳንደብቅ እንጽፈዋለን።

እናታችን የመንዝ ተወላጅ ናቸው። መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ብርዱ የበረታ ደጋ ነው፤ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፥ የሌሊቱ ቍር አጥንት ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ከበጉ ጠጕር ባና እየሠራ ብርዱን ሲከላከል ኖሯል። ጠጕሩ ከተሸለተ በኋላ ይታጠባል፥ ይነደፋል፤ ሴቶች በእንዝርት ይፈትሉታል፥ ወንዶችም ይሸምኑታል። እናታችንም ከልጅነታቸው ጀምሮ እንዝርት ሳይለያቸው የኖሩ ፈታይ ነበሩ። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያ በተቃረበ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ አምጥተናቸው ከእኛ ጋር ተቀመጡ።

ክረምት ሲገባ ጋቢ ደርበው ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣሉ። ነገር ግን ጋቢ ለተቀመጠ ሰው እንጂ ለሚሠራ ሰው አይመችም። እሳቸው ደግሞ ሥራ ፈትቶ መቀመጥን አያውቁም። ጀበናውን ለማንሣት እጃቸውን በዘረጉ ቍጥር ጋቢው ከትከሻቸው እየተንሸራተተ ሲወድቅ አይተን እናዝን ነበር። ስለዚህ እጅጌ ያለው ሹራብ በእጃችን ሠርተን ልናለብሳቸው ቈረጥን። ሹራብ መሥራትን ግን ከዚያ በፊት አናውቅም ነበር። አንዲት ደግ ጎረቤታችን ሁለት መርፌ ሰጥተው፥ ማታ ማታ እየመጡ አስተማሩን።

ሥራው ከሽመና የተለየ ነው። ሸማኔ ድርን በቁመት ወጥሮ ማግን በአግድም ያሳልፍበታል። ሹራብ ግን ድርም ማግም የለውም፤ አንድ ክር ቀለበት እየሆነ በሌላው ቀለበት ውስጥ ያልፋል፤ ረድፉም በረድፍ ላይ ይቈማል። ስለዚህ ይለጠጣል፥ ተመልሶም ይሰበሰባል። ደግሞም ጫፉን ይዘው ቢስቡት እስከ መጀመሪያው ድረስ ይፈታል፤ ክሩም ሳይጎዳ ይመለሳል። ሰው በእንግሊዝ አገር በ1589 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር) ዊልያም ሊ የሚባል ሰው የእግር ሹራብ የሚሠራ መኪና አብጅቷል፤ ነገር ግን ሁለቱ መርፌዎች እስከ ዛሬ ድረስ ከሰው እጅ አልወጡም።

መርፌውን መያዝ ከለመድን በኋላ ክር ፍለጋ ወደ ገበያ ወጣን። በገበያው ሁለት ዓይነት ክር አገኘን። አንደኛው ከነዳጅ ዘይት በፋብሪካ የሚወጣ፥ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ፥ ዋጋው የረከሰ ክር ነው። ሁለተኛው በእጅ የተፈተለ፥ ገና የበጉ ሽታ ያልለቀቀው፥ የደጋ በግ ጠጕር ነበር። የመጀመሪያውን ንቀን ሁለተኛውን ገዛን። በልባችንም፥ «የመንዝ ሴት የአገሯን ጠጕር ትልበስ እንጂ» ብለን ተመጻደቅን። ፍጥረታዊ ነገር ሁሉ መልካም ነው ብለን ስላሰብን፥ ክሩን ከገላችን አስጠግተን እንኳ አልሞከርነውም።

ሦስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሠራን። ጎረቤታችን አስቀድመን ትንሽ ናሙና ሠርተን እንድንለካ መክረውን ነበር፤ እኛ ግን ጊዜ ማባከን መስሎን ተውነው። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች እንደ ተባለው፥ ሹራቡ ሲያልቅ ከእናታችን ገላ አንድ ስንዝር ያህል ሰፍቶ ተገኘ። ቢሆንም ለገና ዋዜማ አደረስነው። እናታችንም ተነሥተው በሁለት እጃቸው ተቀበሉን፤ ጉንጫችንን ስመው ብዙ መረቁን፤ ወዲያውም ለበሱት። በዚያች ሌሊት የነበረን ደስታ እንዲህ ነው ተብሎ አይነገርም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን አንድ ነገር አስተዋልን። እናታችን ሹራቡን በለበሱ ቍጥር ነጠላቸውን አጥፈው ከአንገትጌው በታች ይጠመጥማሉ፤ የእጅጌውንም ጫፍ ወደ ላይ ይሰበስባሉ። የሽማግሌ ልማድ ነው ብለን አለፍነው። አንድ ቀን ጠጕራቸውን ስናበጥር ነጠላው ተንሸራተተ፤ አንገታቸው ዙሪያውን ቀልቶ፥ አልፎ አልፎም ተቧጥጦ አየን። ደንግጠን ጠየቅናቸው። መጀመሪያ «ምንም አይደል» አሉ። አጥብቀን ብንጠይቃቸው ግን ፈገግ ብለው እንዲህ አሉን፦

«ልጄ፥ ባና በኩታ ላይ ይደረባል እንጂ በገላ ላይ ይለበሳል እንዴ? ይኮሰኩሳል። ይህን ጠጕር አርባ ዓመት ፈትዬዋለሁ፤ ጠባዩን አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ስለ ምን ዝም አሉን?» አልናቸው።

«ሦስት ወር ዓይንሽን ስታፈዢ አይቼ፥ ምን ብዬ ልንገርሽ?» አሉን።

ይህ ቃል ልባችንን ነካው። እኛ የሰጠናቸው ሙቀት መስሎን ነበር፤ እሳቸው ግን እኛን ላለማሳዘን ሲሉ ክረምቱን በሙሉ ሕመም ለብሰው ለማሳለፍ ቈርጠው ነበር። የሠሪው ድካም ክሩን እንደማያለሰልሰው ያን ጊዜ ገባን።

ከዚያ በኋላ እናታችን አስተማሪ፥ እኛ ተማሪ ሆንን። የመጀመሪያው ትምህርታቸው፥ ክር በጣት አይመረጥም የሚል ነው። የሠራተኛ ሰው ጣት ስለሚጠነክር ሻካራውን ነገር ለስላሳ ነው ብሎ ይመሰክራል። ክሩን ከአገጭ በታች በአንገት ላይ፥ ወይም በክንድ ውስጠኛው ቆዳ ላይ አድርጎ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል። በዚያ ስፍራ ካላሳከከ ሌላውን ገላ አያሳክክም። ከሁሉም ይልቅ የሚለብሰው ሰው ራሱ ይሞክረው፤ የሕፃንና የሽማግሌ ቆዳ ስስ ነውና፥ የጐልማሳ ገላ የቻለውን እነርሱ አይችሉትም።

የነገሩንም ምክንያት ከሊቃውንት ጽሑፍ ፈልገን አገኘን። የጠጕር ውፍረት የሚለካው በማይክሮን ነው፤ ማይክሮን ማለት ሚሊ ሜትር በአንድ ሺሕ ተከፍሎ አንዱ እጅ ነው። ቀጭን ጠጕር ጫፉ ገላን ሲነካ ይታጠፋል። ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈረ ጠጕር ግን ሳይታጠፍ እንደ እሾኽ ይወጋል፤ የሚያሳክከውም ይህ መውጋት ነው። የመንዝ በግ ጠጕር ወፍራም ከሚባለው ወገን ስለ ሆነ፥ ለባናና ለምንጣፍ እጅግ የተመሰገነ ነው፤ ጽኑ ነው፥ ዕድሜም አለው። ጥፋቱ የበጉ አልነበረም፤ ከቦታው ያወጣነው እኛ ነን።

ከዚህ በኋላ በጥጥ ብንሠራውስ ብለን ጠየቅናቸው። ጥጥ በአገራችን የታወቀ፥ ለገላ የሚስማማ ልብስ ነው፤ ለቈላም ሰው ሹራብ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የጥጥ ክር በሹራብ መልክ ሲሠራ ይከብዳል፤ ከተለጠጠም በኋላ እንደ ጠጕር አይሰበሰብም፤ ስለዚህ ሲውል ሲያድር ይወርዳል። እርጥበት ሲጠጣ ደግሞ ይቀዘቅዛል። የበግ ጠጕር ግን ተፈጥሮው ጥምዝምዝ ስለ ሆነ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ ያም አየር ሙቀትን ይጠብቃል። ከክብደቱም ሢሶ የሚያህል እርጥበት ጠጥቶ እንኳ ለሚለብሰው ሰው የረጠበ አይመስልም። ስለዚህ ለደጋ ብርድ ጠጕር ይሻላል፤ የሚያስፈልገው ቀጭኑን መምረጥ ነው።

ከቀጭኑ ጠጕር ሁሉ የታወቀው ሜሪኖ የተባለው በግ ጠጕር ነው። ይህ በግ በእስጳንያ አገር የከበረ ስለ ነበረ፥ መንግሥቱ ከአገር እንዳይወጣ ለብዙ ዘመን ከልክሎት ኖሯል። በ18ኛው መቶ ዓመት ግን ክልከላው ላልቶ ወደ ሌሎች አገሮች ወጣ፤ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1797 ዓ.ም. አውስትራሊያ ገባ፤ በዚያም እጅግ በዛ። የሜሪኖ ጠጕር ከ24 ማይክሮን በታች ነው፤ ለአንገትና ለሕፃን ልብስ የሚመረጠውም ከ20 በታች ያለው ነው። በኤውሮጳ የሚኖር ወንድማችን ለበዓል ሲመጣ ከዚህ ክር አመጣልን። እናታችን በአገጫቸው ሥር አድርገው ዓይናቸውን ጨፍነው ጥቂት ቈዩና፥ «ይህስ የበግ ነውን?» ብለው ጠየቁ።

ይሁን እንጂ ልስላሴን ብቻ አይተው አላመሰገኑትም። ከሁለት ልቃቂት አንዱን መርጠው ፈትሉን በጣታቸው ፈታ አድርገው ተመለከቱ። ፈትሉ የላላ ክር በእጅ ሲነኩት ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን በክርንና በብብት በኩል ቶሎ ይበላል፥ ትናንሽ እንክብልም ያወጣል። ሁለት ወይም ሦስት ሆኖ በልክ የተገመደው ግን ይጸናል። ይህን ምንም ማይክሮን ሳይቈጥሩ፥ በአርባ ዓመት እንዝርት የተማሩት ዕውቀት ነው።

ሁለተኛውን ሹራብ ስንጀምር ናሙናውን አልዘለልነውም። አንድ ትንሽ አራት ማዕዘን ሠርተን፥ አጥበን፥ አድርቀን፥ በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ያሉትን ቀለበቶች ቈጠርን። ይህ ቍጥር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን አስቡት። በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ቀለበት የሚሠራ ሰው፥ ዙሪያው 100 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሹራብ 200 ቀለበት ይጀምራል። እጁ ላልቶ 18 ብቻ የሚሠራ ከሆነ ግን፥ ያው 200 ቀለበት 111 ሳንቲ ሜትር ይሆንበታል። የሁለት ቀለበት ስሕተት ልብሱን በ11 ሳንቲ ሜትር አሰፋው ማለት ነው። የመጀመሪያው ሹራባችን ስንዝር የሰፋበት ምክንያት ይህ ነበር።

ክሩንም በአንድ ጊዜ መግዛት ይገባል። ለአንድ ሴት ሹራብ መካከለኛ ውፍረት ያለው ክር ከ1,000 እስከ 1,500 ሜትር ይፈልጋል። በተለያየ ቀን የተነከረ ክር ስሙ አንድ ቢሆንም ቀለሙ ይለያያልና፥ በመካከል ቢያልቅ እጅጌው ከደረቱ ጋር አይመሳሰልም።

አንድ ምሽት እናታችን ሥራውን ተቀብለው ሲመለከቱ፥ ከአሥራ ሁለት ረድፍ በታች አንድ ቀለበት አምልጦ አገኙ። እኛም፥ «በብብት በኩል ስለ ሆነ አይታይም» አልናቸው። እሳቸውም፥ «የሠራሽው አንቺ ስለ ሆንሽ ላንቺ ይታይሻል» አሉን። አሥራ ሁለቱን ረድፍ ፈታነው። ክሩ ሳይጎዳ ተመለሰ፤ በሦስት ምሽትም እንደ ገና ሠራነው። ከሰው ሥራ ስንቱ ነው እንዲህ ተፈትቶ እንደ ገና የሚሠራ!

ሹራቡ ለፋሲካ ደረሰ። እናታችን ለበሱት፤ ነጠላቸውንም እንደ ልማዳቸው በትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉት እንጂ በአንገታቸው አልጠመጠሙትም። እኛም ከምርቃታቸው ይልቅ አንገታቸውን እንመለከት ነበር። ጀበናውን ሊያነሡ እጃቸውን ሲዘረጉ ከትከሻቸው የወደቀ ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ሹራብም አልተጣለም። በደብረ ብርሃን የሚኖረው ወንድማችን በወፍራም ሸሚዝ ላይ ደርቦ፥ ማለዳ ሲወጣ ይለብሰዋል፤ ስፋቱም ለእርሱ ልክ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱንም በለብ ያለ ውሃ ሳናሽ እናጥባቸዋለን፤ ሳንሰቅልም በጥላ ዘርግተን እናደርቃቸዋለን። የበግ ጠጕር በፈላ ውሃ ከታሸ እርስ በርሱ ተያይዞ ይኰማተራልና።

እንግዲህ መርፌ ለማንሣት ያሰባችሁ አንባቢዎቻችን ሆይ፥ ምክራችን አጭር ነው። ከክሩ ዋጋ ይልቅ የድካማችሁ ዋጋ ይበልጣልና፥ በክሩ አትሰስቱ። ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን ለሚለብሰው ሰው አስነኩት፤ «ደስ ይላል» ሲላችሁም ቃሉን ብቻ ሳይሆን አንገቱን ተመልከቱ። የሚወዱን ሰዎች እኛን ላለማሳዘን ብዙ ነገር ይሸከማሉ፤ ያን ሸክም ሳይነግሩን አይቶ ማውረድ የእኛ ፈንታ ነው።